ብሎን

ሊንዝ ከተማ፣ ከዳኑብ ማዶ፣ ቆርቆሮ ለበስ ፋብሪካ አለ፤
የሆስፒታል አልጋ እንሠራለን፣ ገና በሽተኛ ያልታደለ።
ስሜ ይርዳው ነው። ዲትማር ግን፣ የፈረቃችን አለቃ፣
«ዮርዲ» ይለኛል ሲያሾፍ፤ «ዮርዲ፣ ዛሬስ መቼ ልትነቃ?»
ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ። ጥርስ ባዳ ነው፤ አያፍርም።
እጄ ግን ባዳ አልነበረም፤ የሰማውን አልረሳም።

ያን ቀን ማታ አንዲት ብሎን ከሳጥን ወደ ኪሴ ገባች፤
እንደ ብይ ሞቃ አመሸች፣ ከትራሴ ሥር ተኛች።
በማግስቱ ሌላ ስድብ፣ በማግስቱ ሌላ ብሎን፤
ባዶ የኪያር ጠርሙስ ውስጥ አጠራቀምኩት ቂሜን።
ለዲትማር የማስኩት ጉድጓድ ነበር፤ አርባ አንድ ብሎን ጠለቀ፤
ዲትማር ግን ብሎን አይቆጥርም። ሌላ ሰው ነው የወደቀ።

ሰናድ ነው፣ ከቦስንያ የመጣው፣ ማሸጊያው ጋ የሚቆመው፣
ምሳውን ሁሌ ለሁለት፣ ለእኔና ለእሱ የሚገምሰው።
አልጋዎቹ ከግራዝ ሲመለሱ፣ አንድ እግራቸው ሲወላገድ፣
«ማን ፈተሸው?» ተባለ፤ ወረቀቱ ላይ የፈረመው ሰናድ።
የዓመቱ ጉርሻ ተቆረጠ። ለልጁ የገዛውን ብስክሌት
ለሱቁ መለሰ። «አይዞህ» አልኩት፣ በዚያው አፌ፣ በዚያው ዝገት።

አንድ ሐሙስ አዲሷ ኃላፊ፣ ኢርምጋርድ፣ ጫማዋ ጭቃ፣
ሳጥን ገልብጣ ከጎኔ ተቀመጠች፣ ዝምታዬን ጠብቃ።
ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ፤ ስስለው ነው የከረምኩት፤
እሷ ግን «ይር... ይርዳው» አለች፤ ስሜን በሌላ አፍ ሰማሁት።
«የዲትማርን ቀልድ እሰማለሁ። ሰምቼ ማለፌ የኔ ጥፋት ነው።
ያንተን አንተ ታውቀዋለህ።» ይኸው ነው የተናገረችው።

ቁጣ ቢሆን አውቅበታለሁ፤ ጥርስ አለው፤ ይፈታል፤
ይህ ግን ልሙጥ ነው፤ ዝም ብሎ ውስጥ ይገባል።

ዓርብ ጠዋት ጠርሙሱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ፤
ለሰናድም፣ ዳቦውን ሲገምስ፣ ዓይኑን እያየሁ ተናዘዝኩ።
አልሰደበኝም። የእኔን ግማሽ መልሶ በወረቀት ጠቀለለ፤
የብስክሌቱን ገንዘብ ስሰጠው ተቀበለ፤ ምንም አላለ።

ዲትማር ሥልጠና ተላከ፣ «ስሜትን ማወቅ» የሚሉት፤
ተመልሶ «ዮር...» ብሎ ቆመ፤ ቀሪውን ዋጠው በምሬት።

ኢርምጋርድ ስትቆጥር አርባ አለች፤ እኔ አርባ አንድ አውቃለሁ፤
ማታ ትራሙ ድልድዩን ሲያልፍ አንዷን በኪሴ አሽከረክራለሁ።
ወንዙ ውስጥ ልወርውራት እላለሁ፤ መስኮቱ አይከፈትም።
ብሎኑ የላላው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁም።