የቱቦው ሞራ

«ይበርዳል» ብላቸው ማን ያምነኛል አገር ቤት?
ጀህራን የሚያውቋት በነሐሴ ነው፣ በእሳት።
ጥር ሲገባ ግን፣ ነፋሱ ከሰሜን ሲመታት፣
ለግመል ካባ የሚሰፋባት ሌሊት አለባት፤
ጓሮ የተረሳ ባልዲ ስስ መስታወት ለብሶ የሚያነጋባት።

ማታ ሦስት ሙክት ወደቀ።
አማች ከአደን ድንኳኑ ተመልሶ፣
ሩዝ በትሪ ተከምሮ፣ ስቡ በላዩ ፈስሶ፣
እንግዳው በልቶ ሄደ፤ ትሪው ሁሉ ወደ እኔ መጣ ተግበስብሶ።
አጠብኩ። ቅባቱን በሙቅ ውኃ ሸኘሁት፣
ደህና የገባ መስሎኝ።
ከግድግዳው ሲወጣ ግን ብርድ አድፍጦ ጠበቀው፤
እመንገድ ላይ ረግቶ ቀረ።

እኩለ ሌሊት የወጥ ቤቱ ወለል ጉርር አለና ተነፈሰ፤
እኔ ያልበላሁትን ሁሉ እኔ እግር ሥር መለሰ።

እመቤቲቱ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አጥብቃ፦
«ባንግላዴሹ የሚመጣው ከነገ ወዲያ ነው።
ለቁርስ ሰው አለን። ፈጅር ሳይባል ይከፈት።»
በምን? አልኩ፣ በሆዴ።
በሯን ዘጋች። መዝጋት ምን ሥራ አለው።

ጓሮ ወጣሁ። የብረት ክዳኑን በጭልፋ እጀታ ፈለቀቅኩት።
ጠረኑን ተዉት።
መብራት የሚይዝልኝ ሰው ስፈልግ
ኡም ፈላህ በምርኩዟ እየዳሰሰች መጣች፣
ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ የጋረዳት አሮጊት።
«ባትሪውን አምጪው» አለች።
ሰጠኋት።
አንዴ ለሰማዩ ታበራለች፣ አንዴ ለአጥሩ፤
እጇን እየያዝኩ ወደ ጉድጓዱ እመልሳለሁ።

«ስምሽ ዘምዘም አይደል? ውኃ ነሽ እኮ፤
ምነው ውኃው እንቢ አለሽ?»
ሳቅኩ። ሳቄ ከአፌ ጢስ ሆኖ ወጣ።

ስድስት ማንቆርቆሪያ አፈላሁ። አንዱን ዋጠው፣
አምስቱን መለሰልኝ።
የልብስ መስቀያ ሽቦ አቃንቼ ጫፉን ቆለመምኩ፤
እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁ።
ክርኑ ላይ ነበር፣ የሱ ክርን ከኔ ክርን ገጠመ፤
ጎተትኩት፤ እንደ ወይፈን ቆመ፣
ደግሞ ጎተትኩት።
መጣ።
ነጭ፣ ወፍራም፣ የቱቦውን ሆድ ቅርጽ የያዘ፣
እንደ ሻማ የደነዘዘ።

አጎቴ ሳርሞሎ ሞራ ያነብ ነበር።
በሬ ሲታረድ ሞራውን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ
የደም ሥሩን መንገድ በጣቱ ተከትሎ፣
«ዝናብ ይዘገያል፤
ከዚህ ቤት አንድ ሰው ባሕር ይሻገራል» አለ አንድ ቀን።
እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ እግሬን አየሁ።
ይህን ጉድጓድ አላየውም፤
ወይ አይቶ ዝም ብሏል።

«ምን ታያለሽ?» አለች ኡም ፈላህ፣ ባትሪውን ጨረቃ ላይ ተክላ።

በሁለት እጄ ዘረጋሁት።
የሩዝ ፍሬ። የሄል ቅርፊት።
ቀይ የተቀባ የእመቤቲቱ ፀጉር።
የልጅ ሸሚዝ ቁልፍ፣ ጠፋ ተብሎ የተቆጡኝ።
የደም ሥር ግን የለው፣ መንገድ የለው፤
የስንት በግ ጮማ ተቀላቅሎ የረጋ ሞራ
የማንን ዕድል ያውራ?

«ዝናብ አያለሁ» አልኳት። «ለልጅሽ ግመሎች ሣር።
አንቺን ደግሞ በረመዳን ሐኪም ዓይንሽን ይገልጥሻል።»
ምርኩዟን መሬት ላይ አሻሸች።
«ውሸታም» አለች። ቀጥላ፣ ቀስ ብላ፦
«ለራስሽስ?»

ሰባተኛው ማንቆርቆሪያ ወጥ ቤት ያፏጭ ነበር፤
እሱን ላምጣ ብዬ ተነሣሁ።
ሙሉውን ለቀቅኩት።
ቱቦው ዝም አለ፤ አመነታ፤
ከዚያ ከሥር የሆነ ነገር እህህ ብሎ ተላቀቀ፣
ወደ መንገዱ፣ ወደ ትልቁ ቦይ፣
የቤቱ ሁሉ ጉድ ሳይተዋወቅ ወደሚገናኝበት።

ኡም ፈላህ ጆሮዋን አዘነበለች።
«ሄደ» አለች፣ ከእኔ ቀድማ።
ባትሪውን ሳታጠፋ መለሰችልኝ።

ሞራውን በጥቁር ፌስታል ቋጠርኩት።
ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት።
እጄን ሦስቴ ታጠብኩ፤
ሦስቴም ወረደ።