የተነሣ ከተማ

ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣
ውርጩ ሣሩን እንደነከሰ፣ ፀሐይ ገና ሳትታይ፣
አራት ቦርሳ ከጣሪያ ላይ፣ አራት ሰው ከኋላ ወንበር፤
መኪናው ሞልቶም ረዳቱ ይጮኻል፦ «አንኮበር! ሁለት ሰው! አንኮበር!»

ወንድይፍራው ጉልበቱ ላይ ጥቁር ድስት ታቅፏል፣
የቦርሳው ዚፕ ትናንት ማታ ሲታገለው ተገንጥሏል።
ተናኘ የተዋሰችውን ድንኳን ፈትታ ካስማ ትቆጥራለች፤
አምስት። እንደገና አምስት።
«ስድስት ብሎ ነው የሰጠኝ» ትላለች።
ልዑልሰገድ ከስልኩ ያነባል፣ ድምፁን የአስጎብኚ አድርጎ፦
«የሸዋ መናገሻ ሆና ለብዙ ዘመን...»
ጉድጓዱ አንጥሮ ምላሱን አስነከሰው፤
ቀረ ዐረፍተ ነገሩ ተንጠልጥሎ።

ወረድን።
ጉም።
ጉሙ ውስጥ አንድ ሱቅ፣
ሱቁ ደጃፍ ብርድ ልብስ የተከናነበ አንድ ሰው፣
የብርድ ልብሱን ጫፍ አንድ ውሻ የለበሰው።

«አባባ፣ ዋናው ከተማ በየት በኩል ነው?» አለ ልዑልሰገድ።
ሰውዬው አፉን ገለጥ አደረገ፦
«ከተማው? ተነሥቷል እኮ።»
«መቼ?»
«እኔ አልደረስኩበትም። አባቴም አልደረሰበት።»
ትንሽ አሰበ።
«ሻይ ግን አለ።»

ከሻዩ በኋላ ሽቅብ፣ ደረጃ በደረጃ፣
ቦርሳው ወደ ኋላ ሲስበን፣ ትንፋሻችን ሲያጥር በቁልቁለት ዳር፣
ጽዱ ጉሙን እያጠለለ ሲያንጠባጥብ በአንገታችን ላይ፣
ወንድይፍራው «ንጉሥ ሆኜ ቢሆን ሜዳ ላይ ነበር የምቀመጠው» እያለ ሲያማርር።
ጫፍ ላይ የግንብ ቁራጭ አገኘን፤ ወገብ የሚደርስ፣ ሽበት ያወጣ፤
ግራና ቀኙ የለም፤ በር ነበር ወይ? ማን ገባበት? ማንስ ወጣ?
እጄን አኖርኩበት። ቀዘቀዘኝ። ሌላ ምንም አላለኝም።

ከተማ ማለት መክተም ነው፤ ድንኳን ተክሎ ማደር፣
ካስማው እስኪነቀል ድረስ፣ ሌላ ጋራ እስኪነገር።
ይህን ያሰብኩት ተናኘ በድንጋይ ካስማ ስትመታ ነው፤
ለጠፋው ስድስተኛ የወደቀ የጽድ እንጨት አሹላ ስትተክል።
ያ ሁሉ እልፍኝ፣ ያ ሁሉ አዳራሽ፣ አጋፋሪው፣ ባለሟሉ፣
እንደኛው ጓዙን አዝሎ ነው የሄደው፣ አንዱን ካስማ ረስቶ፣ በውሉ ሳያስር ቃሉን ሁሉ።

ነጋሪት አልነበረንም። ወንድይፍራው ድስቱን በማንኪያ መታ፦
«ስማ ስማ! ፓስታው አርሯል!
የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»
ሰምተን በላን። ያረረውንም ፋቅን።

ማታ ጉሙ ተገለጠ፤ ቆላው እግራችን ሥር ተዘረጋ፣
ሩቅ፣ በጣም ሩቅ፣ የአንድ የጭነት መኪና መብራት ሄዶ ሄዶ ተዘጋ።
ያኔ ልዑልሰገድ ስልኩን አጠፋና «ምደባዬ ደርሷል፣ ጋምቤላ ነው» አለ።
ተናኘ ከአንገቷ ክር ስባ ቀለበት አሳየችን።
ወንድይፍራው «እኔ የአባቴን ወፍጮ ነኝ፤ ስትመጡ ታገኙኛላችሁ» አለ፣ እንደ ቀልድ፤
ማንም አልሳቀም፣
ጅቡ ብቻ ከታች።
የኔን አልተናገርኩም። ተራው ደርሶኝ ድስቱን ማጠብ ጀመርኩ፣
በዚያ ብርድ፣ በዚያ ጨለማ፣ የታጠበውን ድስት ደገምኩ።

ጠዋት ጭላዳዎች ግንቡ ላይ ተቀምጠው አዩን፤
እኛ ስንነቅል፣ ስንጠቀልል፣ ስንሸከም፣
ለስንተኛ ጊዜ እንደሚያዩት ማን ያውቃል፣ አልተደነቁም።

ሱቁ ደጃፍ ያው ሰው፣ ያው ውሻ።
«አገኛችሁት?» አለ።
ወንድይፍራው ድስቱን ከክንድ ወደ ክንድ አዛወረ፦
«ትናንት ማታ እዚያ ላይ ነበር፣ አባባ።»
ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

ሚኒባሱ ውስጥ ተናኘ ካስማዎቹን ጭኗ ላይ ደረደረች።
አምስት።
የጽዱ እዚያው ቀርቷል።
ለባለቤቱ ምን እንደምትለው ስታሰላ ጣርማበርን ሳናይ እንቅልፍ ወሰዳት፣
ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ፤
አልተነቃነቅኩም፣ እስከ መናኸሪያው።