ግራው እጀታ

«ስድሳ ላይ ነው» አልኩት፣ «ስድሳ እስኪደርስ ሰላም፣
ከዚያ በኋላ ግን መስታወቱ አያይም፤
ከኋላዬ ያለው መንገድ ተፍቆ ይጠፋል፣
መዳፌን እስከ ክርን ጉንዳን ይወረዋል።»

የብሩኖን ዩናክ ነው፤ አባቴ ሲሞት
ከመረብ ማደሻው፣ ከሸራው ሥር ካሉት
ጀሪካኖች ጋራ የደረሰኝ ውርስ፤
ኡስትካ ወደብ ላይ ባሕሩ ሲታመስ
ጨው የላሰው ብረት።

ዋልደማር የጀልባ ሞተር ሐኪም ነበረ፤
ጡረታ ወጥቶ እንኳ ብረት ካላናገረ
እንቅልፍ አይወስደውም።
ዩናኩን ዞረና፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣
«አንድ ፒስተን ላለው» አለኝ፣ መነጽሩን አውጥቶ፣
«መንቀጥቀጥ ባሕርይ ነው፤ ልብ ካለ ይመታል።
ባሕርይና በሽታን መለየት ግን ይቻላል።»

ከመሬት ጀመርን። የፊት ጎማ አንሥተን
በጣት አሽከረከርን፣ ክብ መሆኑን አየን፤
ሁለት ሽቦ ላልቷል፤ አጠበቅን፣ ሞከርን፣
መንቀጥቀጡ ቀረ? አልቀረም፤ ተመለስን።
ካቴናው ተንዘላዝሏል እንደ ሰነፍ መቀነት፤
ሳብነው፣ አስተካከልነው፣ ጠጣ ትንሽ ቅባት።
ተሻለው፣ ትንሽ። ሚኒሞው ላይ ጸጥ፣
ስድሳ ላይ ያው መናጥ።

በሦስተኛው ቀን ነው፣ ዋልደማር ተንጋሎ
በባትሪ ብርሃን ሥር ሥሩን ሲያይ ውሎ፣
በዝገት ቀለበት የተከበበን፣
ሞተርና ቻሲን ያጋባ ብሎን
አሳየኝ።
«ቀይ ዱቄት ካየሽ፣ ዩዲታ፣ እዚያ ፍትጊያ አለ፤
ጥብቅ የሚመስል ሁሉ ጥብቅ ነው ማን አለ?»

አዲስ ዳዶ አሰርን። በጥዱ ጫካ ሥር
ስድሳ፣ ስድሳ አምስት፣ ሰባ አለኝ ስበር፤
መስታወቱም ዓይኑን መልሶ አገኘና
የመብራት ማማው ከኋላዬ ቆመ።
ቀኝ እጄ ዐረፈ። ግራዬ ግን ታመመ።

ግራ ገባን።
አንድ መሪ፣ አንድ ብረት፣ አንድ ሞተር ይዞ
እንዴት ግማሹ ይድናል ግማሹ ተይዞ?

የቀኙን እጀታ ጎማውን ገፈፍኩ፣
ጫፉን የዘጋውን ቡሽ በቢላ ነቀልኩ፤
ፈሰሰ የእርሳስ ፍሬ፣ ምስር የሚያካክል፣
መንጠቆ የሚያሰምጥ፣ ከባድ፣ ድብልብል፣
በሻማ ሰም ታስሮ።
«ብልህ!» አለ ዋልደማር፣ «ክብደት ንዝረትን ያደክማል።»
ግራውን ፈታን። ባዶ። ንፋስ ብቻ ያፏጫል።

ለምን አንዱን ብቻ? እርሳሱ አነሰው ወይ?
አባቴ እንዲህ ያለ ሥራ በግማሽ ይተዋል ወይ?

ዋልደማር ዝም አለ። መነጽሩን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ።
«አንድ ክረምት» አለኝ፣ «መረብ ስንጎትት፣
ገመዱ ግራ እጁ ላይ ተጠመጠመበት።
ጣቶቹ ቀሩለት፤ ስሜታቸው ቀረ።
እንዳልነግርሽ ብሎ አስምሎኝ ነበረ።»

ሃያ ዓመት በዚያ እጁ ፍሪሲዮን ሲጨብጥ
ከኋላው ነበርኩኝ፣ ወገቡን ስጨምጥ።
ፀጉሬን ሲጎነጉን ግራው ሲስብብኝ
«ቀስ በል!» እል ነበረ፣ ግፍ እየመሰለኝ።

ማታ ሻማ አቀለጥን። ግማሽ ኪሎ እርሳስ
ከመንጠቆ ሻጩ ገዛሁ፤ በጣሳ ሳፈስ
እንደ በረዶ ጮኸ። ቡሹን መታሁበት፣
ጎማውን በሳሙና ገፍቼ አለበስኩት።

አሁን ሁለቱም እጆቼ ሰላም ናቸው፣ እስከ ሰማንያ።
ሰማንያ ሲሞላ ግን ሆዱ ውስጥ ይነዝራል፤
ዋልደማር «እንፈትሸው?» ብሎ ይጠይቃል።
«ተወው» አልኩት።
ዝናቡ አባርቷል። የነዳጁ ጭስ ብቻ ይሸታል።