የእጀታዋ ሥር ቁጥር

ሞጣ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ቆርቆሮዋ ሐምሌን ሙሉ የሚያነባ፣
አንዲት ክፍል አለች፣ መስኮቷ ክንድ የማያስገባ።
አስር አለቃ ልየው እዚያ ነው፤
ሠላሳ ዓመት የአውራጃውን ግምጃ ቤት የጠበቀው፣
የብረትን ዕድሜ በጣቱ ዳብሶ የሚያውቀው።

የአባታችን አርባ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ፣
የውርሱ ነገር ተነሣ፤ ሦስታችንን አተራመሰ።
መሬቱ በገመድ ተለካ፣ ላሚቱ ተገመተች፤
ሽጉጧ ብቻ ናት ለሦስት አልካፈል ያለች።
ስድስት ጎራሽ፣ ጥቁር ቀንድ እጀታዋ፤
«አያቴ» ይላል ስሜነህ፣ «ከጣልያን ሻምበል ወገብ የፈታት፣
በዋዛ አይጠራ ዋጋዋ!»
እህቴ እናንየ ደግሞ፣ «ብረት እኮ ነው፤ ይሸጥ፤
ጣራዬን ልቀይርበት፣ ክረምቱ ሳያፈጥ።»
እኔ ታናሹ ላስገምት ተላክሁ፤
ፈቃዷን በኪሴ፣ እሷን በጋቢ ጠቅልዬ ደረስሁ።

አስር አለቃው መነጽሩን በክር ከጆሮው አሰረ፤
ከበሮዋን ገልብጦ ስድስቱንም ጎሬ ቆጠረ፤
ባዶ መሆኗን አይቶ፣ ያኔ መናገር ጀመረ፦
«ፈረስ በጥርሱ ይታወቃል፤
መሣሪያም እንደዚያው ነው፤ ባለቤቱ ይዋሻል፣ ቁጥሩ ይናዘዛል።
አፈሙዟ ላይ የተጻፈው የሠሪዋ ጉራ፤
ዕድሜዋ ያለው ከታች ነው፣ ከእጀታዋ ጋራ።»

ሁለት ብሎን ፈታ። ጨርቅ በላምባ ነከረ።
እድፉን በጥርስ ብሩሽ ጠረገ፣ የቀረውን በጥፍሩ ጫረ።
ጠመኔ አድቅቆ ነሰነሰ፣ በመዳፉ አሻሸ፤
ነጩ ከጥርቡ ውስጥ ቀረ፣ ጥቁሩ ሸሸ።
«አራት፣ ሰባት፣ አንድ፣ ዜሮ። የፊቷ ግን ዝጋለች፤
ሦስት ናት? ስምንት ናት? ነገሯ እዚህ ላይ ናት ያለች።
ሦስት ከሆነች አሮጊት፤ ስምንት ከሆነች ኮረዳ።»
ወደ መስኮቱ ያዛት። ዘነበለ። አዞራት።
«ስምንት» አለ። «አይክፋህ የኔ እንግዳ፤
ጣልያን ከወጣ በስምንት ዓመቱ ነው የተሠራች፤
የነገርከኝ ሻምበል ሲሸሽ፣ ይቺ ገና አፈር ውስጥ ነበረች።»

አንዲት አኃዝ።
አያቴ በአንዲት አኃዝ ከጫካው ወጣ፣
ጎራዴውን ሰቀለ፣ ከእሳት ዳር መጣ፣
እንደማንም ሽማግሌ እግሩን ሊያሞቅ ተቀመጠ።

«ከበሮዋም አካሏም አንድ ቁጥር ነው፤ ይህስ ደግ፤
የሌላ ብረት አልተቀጠለባት።
ግን ይህን ብልጭታ ማን አመጣው?
ማነው በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈጋት?»
እኔ ነበርኩ፤ ትናንት ማታ፣
ታምር ብዬ፣ ዋጋ ልጨምርላት።
«ግማሿን ጠርገህ ጣልካት፤ ያ ጥቁረት ነበር ሀብቷ።»

ቁጥሩን ደገመው፤ ከንፈሩ ብቻ እየተላወሰ።
ከማዳበሪያ ጆንያ አንድ ደብተር መለሰ፣
ምስጥ ሳይጨርሰው በፊት አሮጌውን መዝገብ የቀዳበት፤
በጣቱ ወረደ፣ ወረደ። ቆመ።

ስምንት፣ አራት፣ ሰባት፣ አንድ፣ ዜሮ።
ገዥ፦ ወይዘሮ አንጓች ፈለቀ፣ ባል የሞተባት።
ዋጋ፦ ሁለት ወይፈን፣ አንድ ጥገት።
ምክንያት፦ የርስት ሙግት።
ጥይት፦ የለም።

አንጓች የአባቴ እናት ናት።
የባሏ ወንድሞች ከመሬቷ ሊነቅሏት ሲነሡ፣
በጮቄ ብርድ ደብረ ማርቆስ ሰባት ዓመት የተመላለሰች፣
ባዶ ብረት ከመቀነቷ ሥር እያሞቀች።
ሻምበሉንም የወለደችው እሷው ነበረች፤
የመበለት ሽጉጥ ማንን ያስፈራል?
የሟች ጀግና ምርኮ ናት ስትላቸው ግን
ከድንበሯ ላይ እግራቸውን ያነሣሉ።
አባቴ ያኔ ሕፃን ነው። አመነ።
እኛም አመንን።

ልየው ብሎኖቹን መልሶ አጠበቀ፤
የገመተልኝን በብጣሽ ወረቀት ጻፈ፣ አጣጠፈ፤
የድካሙን ስሰጠው እጄን ገፋ፣ «ለሷ ቅባት ግዛበት» አለ።

ማታ ስሜነህ ደወለ።
«እህሳ፣ ስንት አለ?»
ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ፤ አልገለጥኩትም።
«ሁለት ወይፈን» አልኩት፣
«አንድ ጥገት።»