ብረት

አሥራ ሰባት የዘይት ቆርቆሮ፣ ሁለት የልብስ ማጠቢያ ገንዳ፣
አንድ የሕፃን መታጠቢያ፣ ጎኑ በፀሐይ የተጎዳ፤
ይኸው ነው ርስታችን። ማናማ፣ የመጠለያው ጣራ፣
ኮንዲሽነር ያንጠባጠበውን በባልዲ ቀድተን በተራ
የምናጠጣው መሬት።
መሬት ከተባለ። አሸዋ ነው፣ ከፍየል ፍግ የተደባለቀ፣
ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሽማግሌ በፒካፕ የሚያመጣልን፣
ስማችንን እንኳ ያልጠየቀ።

መጀመሪያ «ሰኔ መጣ» ብለን ዘራን፣ እንዳገራችን ልማድ፤
ለተብርሃን ሦስት ዓመት ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ የሰፋችውን ጎመን።
ሳምንት አልቆየም፤ ቡቃያው ሆነ ዐመድ።
የቀረችውን ቁንጣሪ ዘር ለጥቅምት አስቀመጥናት፤
እዚህ ሐምሌ የፀሐይ ነው፤ ተውንላት።

ሲት ኢቅባል ታስተምረናለች። ከኦምዱርማን ናት፣ ጦርነት ያስነሳት፤
ነርስ ነበረች፤ ወረቀቷ ተቃጥሏል፣ ሙያው ግን አልረሳት።
በጠመኔ ግድግዳው ላይ ሳህን ትስልና
«ግማሹ ቅጠል!» ትላለች፤
ሉባባ ትተረጉማለች፣ ከራሷም ጥቂት ጨምራ።
ጀማነሽ፣ ጅርጅሯን እያላመጠች፣
«እኛ ቤት ቅጠል ሲቸግር ነው» አለች።

አንድ ቀን ኢቅባል የዐይኔን ቆብ ገልጣ አየች፤ ዝም አለች ጥቂት።
«ደምሽ ውስጥ ብረት የለም።»

ብረት?
ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሌላ ምን አየሁና!
የመስኮቱ ፍርግርግ፣ የደጁ መዝጊያ፣ የማዳም ቁልፍ፣
ክንዴ ላይ የተኛው ካውያ፤
ያን ሁሉ ተሸክሜ፣ ደሜ እንዴት ብረት አጣ?
«ሌባው ሻይ ነው» አለች፣ «ከምግብ ላይ የሚጠጣ።»
ቀለቤ ሻይና ቁራሽ ነበር፣ ያውም ቆሜ፤
ለካ በዚያ ቤት ዘበኛ ያልቆመበት በር
ደሜ።

ትናንት ጎመኑን ቆረጥን። ለአሥራ አንድ ሰው ሁለት ሁለት ጉርሻ፣
ከምስር ጋር፣ ሎሚ ተጨምቆበት፤
ሎሚ ብረቱን እጁን ይዞ ያስገባዋል ብላናለች።
እሷ ግን የራሷን ሳህን ወደ ሉባባ ልትገፋ ስትል
እጇን ያዝኩ።
«ያንቺንስ ዐይን ማን አየው?»
ሳቀች። ገለጥኩት።
እንደ ጠመኔዋ ነጭ ነው።

የቀረውን ሎሚ እሷ ሳህን ላይ ጨመቅሁት፣ ፍሬው እስኪዘረገፍ።
ማንቆርቆሪያው ይጠብቅ፤ አንድ ሰዓት ነው ተብሏል።
የመውጫ ወረቀት ዘጠኝ ወር ለጠበቀ
አንድ ሰዓት ምን አላት።