የትኛው ይበልጣል?

ከሉማሜ ወጣን ጎህ ገና ሳይቀድ፣
ሠላሳ አንድ ሺህ ብር ተጠቅልሎ በአንድ
የወንድሜ ካልሲ። ሦስት ዓመት ሙሉ
እፍኝ እፍኝ እያልን ያጠራቀምነው ሁሉ፦
የይበልጣል ብስክሌት፣ የይታያል ሙክት፣
እኔም ወፍጮ ቤት ውዬ ዱቄት የቃምኩበት።

ፊልማችን አጭር ናት፤ ያንድ ሌሊት ነገር፦
የወፍጮ ቤት ዘበኛ፣ ጭር ያለ ሰፈር፣
ቆሞ ከወፍጮው ጋር ሲጣላ፣ ሲማከር።
ጽሑፉ ካለቀ ዓመት አልፎታል፣
ተዋናዩም አቶ ጥጋቤ «እሺ» ብሎናል፤
የጎደለን ዓይን ነው።

ማርቆስ ከመናኸሪያው ወረድ እንዳላችሁ
ጠባብ ሱቅ በስተግራ ታገኛላችሁ።
ባለቤቱ ጋሽ ፈንታ፣
ሃያ ዓመት ሙሽራ ሲቀርፅ በተርታ
ወገቡ የዞረ፤ አሁን ተቀምጦ
ካሜራ ይሸጣል፣ ካዲሱ ካሮጌው አማርጦ።

አንዱን ከመስታወት ጎትቶ አወጣው፤
ያብለጨልጫል፤ ገና አልለቀቀም ሽታው፣
የካርቶን፣ የስፖንጅ። «አራት ኬ ነው» አለ፣
«ጤዛ ሳይቀር ይቆጥራል ሣሩ ላይ ካለ።»
ይበልጣል ሲይዘው እጁ ተንቀጠቀጠ፣
ወረቀቱን ሲያነብ ልቡ አብሮ ቀለጠ፣
«ይሄ ይበልጣል!» አለ። ዕቃውን ነው? ራሱን?
ማን ጠይቆ ይረዳ የሰው ልጅ ኩራቱን!

ዋጋው ሠላሳ ሺህ ከአምስት መቶ።
«ድምፅ መቅጃውስ?» አልኩት።
«ለብቻው።»
«ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያስ?»
«ለብቻው።»
«ትርፍ ባትሪ?»
«እሱም ለብቻው።»
ጉድ ነው! ዕቃም እንደ ሰው ለመደ ዘንድሮ
ለብቻው መኖሩን፣ በየቤቱ ታጥሮ።

ይታያል ዝም አለ። ዝምታ ያውቅበታል፤
ከገመድ ክምር ሥር እጁን ይሰዳል።
አንድ አሮጌ አወጣ፤ ክዳኑ የጠፋ፣
ቁልፎቹ የነጡ፣ ቀበቶው የተሰፋ።
«የኔ ነበር እሱ፤ ልንገራችሁ እውነት፣
ጤዛ አይቆጥርም። ግን ስንት ሙሽራ፣ ስንት
ድንኳን ውስጥ በጭላንጭል አይቶልኛል።
የማይክ ቀዳዳ አለው። አሥራ ስምንት ሺህ ይበቃኛል።»

«ይሄን?» አለ ይበልጣል፣ «ሰው ምን ይለናል?
የጎረቤቴ ስልክ ከዚህ ይሻላል!
ሦስት ዓመት ተርበን አሮጌ ይዘን ስንገባ፣
እናቴ ትላለች ‹ማን ሸወደው ሌባ?›»

ስንጨቃጨቅ መሸ። ሰማዩ ከበደ፤
ሐምሌ ነው፤ ዶፉ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፣
መብራቱም እንደ ልማዱ እብስ ብሎ ሄደ።

ጋሽ ፈንታ ሻማ ቢፈልግ አጣና
ክብሪት ጭሮ ቆመ፤ እኛም ተያየንና
ሁለቱን ካሜራ አነጣጠርንና
ጠበቅን።
ያዲሱ መስኮት ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል፤
ጋሽ ፈንታ ፊት የለው፣ ጥቁር ነገር ይታመሳል።
ያሮጌው ላይ ግን፦
የግንባሩ መስመር፣ የጺሙ ሽበት፣
ክብሪቱ አልቆ ጣቱን የለበለበበት
ያቺ ቅጽበት።
«ይታያል!» ብሎ ጮኸ ይበልጣል ከልቡ።
«አቤት!» አለ ይታያል።
ሣቃችን ዋጠው፣ ጸጥ አለ ዝናቡ።

ማይክ፣ መቆሚያ ገዛን፤ ባትሪም ጨመርንበት፤
ሦስት ሆነን ባንድ አልጋ፤ ዳቦ በሻይ እራት።
ጣራው ሥር ይበልጣል ማይኩን አቁሞ
ዝናቡን ሲቀዳ ነጋለት፣ ቆሞ።

ፊልሙ ገና አላለቀም። አቶ ጥጋቤ
በሚጣላው ፈንታ ይስቃል፤ ይጠፋል ቀልቤ።
ያም ሆኖ ከብቸና፣ ከደጀን፣ ከየጁቤ
ጀማሪ ይመጣል፣ ገንዘቡን ጨብጦ፤
«የትኛው ይበልጣል?» ይለኛል አፍጥጦ።
ቁጥር አልነግረውም። ኪሱን ነው የማየው፦
«ክብሪት ይዘሃል?» ነው፣ እኔ የምጠይቀው።