በሩ ላይ ተፈታ

ምሽት አንድ ሰዓት ነው፤ የቀን ሥራ ያደከመው
ሠላሳ ተማሪ፣ ግማሹ የሚያልመው።
ሁለት ክብ ሣልኩላቸው፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ፣
በጠመኔው አቧራ እጄ እስኪለወጥ፦
«ማይቶኮንድሪያ ነው፤ ባለ ሁለት ቅጥር፣
መሃሉ ደጅ መጥኛ፣ የጠበበ እንደ ክር።
እዚያው የተወለዱ ዐሥራ ሦስት ናቸው፤
የቀሩት፣ ከሺህ በላይ፣ መጤ ነው ስማቸው።»

እንየው ከኋላ እጁን አወጣና
«መጤው በምን ያልፋል?» አለኝ በትሕትና።
«በደብዳቤ» አልኩት። «አንተስ ባለፈው ዓመት
ከጃናሞራ ስትመጣ፣ ማኅተም ያለበት
ወረቀት አልነበር ዘበኛው ያየው?
የፕሮቲንም ደብዳቤ ግንባሩ ላይ ነው።
ግን ተጠቅልሎ አያልፍም። በሯ የመርፌ ቀዳዳ ናት።
አጃቢዎች አሉ፣ እስከ ደጅ የሚያደርሱት፣
በመንገድ እንዳይቋጠር፣ ያለጊዜው ቅርጽ እንዳያወጣ፣
ከመንገደኛ ጋር ተጣብቆ እንዳይመጣ።

እዚህ እኛ ዘንድ፣ ከፋሲል ግቢ በር
አንዱ የፈታዮች ነው፤ ስሙም አደናግር።
ሰሙ ጥጥ መፍተል ነው፤ እንዝርቱ ይታያል።
ወርቁን ግን እኔ ልንገራችሁ፦ እዚያ የደረሰ ይፈታል።»

«ይፈታል» ስል ድምፄ ለምን እንዲህ ሳሳ?
ጣቴን አየሁ፣ ቀለበት የረሳ።

ከነጠላዬ ጥለት አንድ ክር መዝዤ፣
የየሻረግን የጋብቻ ቀለበት ተውሼ ይዤ፣
ጫፉን አስገብቼ አሳየኋቸው፦
«ይኸው፣ እንዲህ፣ በደብዳቤው በኩል ነው።
የውስጧ በር ደግሞ መብራት ትፈልጋለች፤
መብራቱ ከጠፋ ተዘግታ ታድራለች።
ደብዳቤው ፖዘቲቭ ነው፣ ውስጡ ኔጋቲቭ፤ ስለዚህ ይሳባል፣ ሲ—»

መብራት ሄደ።

ሠላሳ ሰው ሳቀ። ወዲያ ማዶ የሆስፒታሉ ጀኔሬተር አጓራ፤
ለኛ ሕንፃ አይደርስም፤ ለቀዶ ጥገና ነው የሚሠራ።
«በሩ ተዘጋ?» አለ እንየው። «ተዘጋ» አልኩ፤ «ክሩም ቀረ፣
ግማሹ ደጅ፣ ግማሹ ቤት፣ መሃል ላይ ተገተረ።
እና ልብ በሉ፦ መብራቱን የሚያበሩት ውስጥ ገብተው
እነዚያው መጤዎች ናቸው፣ በዚያው በር አልፈው።»

ስልኮቹ በሩ፣ አንድ በአንድ።
በዚያ ብርሃን ጨረስኩት።

«ከውስጥ የሚስብ እጅ አለ፤ ያዝ ያደርጋል፣ ይለቃል፣ ያዝ ያደርጋል፣
ወደ ኋላ እንዳይመለስ። ለያንዳንዷ ስንዝር ኃይል ይከፍላል።
ደብዳቤውን መቀስ ይቆርጠዋል፤ ካሁን ወዲያ ማን ይጠይቀዋል?
ያም ሁሉ አልፎ ግን ገና ክር ነው። ገና ምንም አይሠራ።
ግርግር ውስጥ ደግሞ ክር ይተበተባል፣ ከየአላፊው ጋራ።
ስለዚህ አንድ ክፍል አለች፣ ክብ፣ ክዳን ያላት፣
አንድ ብቻ የምታስገባ፣ ጥቂት ሰከንድ የምትዘጋበት።
እዚያ ማንም አያጥፈውም። ማንም ‹እንዲህ ሁን› አይለውም።
ማጠፊያው ከራሱ ጋር ነበር፤ ፋታ ነው ያጣው፣ ሌላ የለም።»

ቀለበቱን መለስኩላት። ክሩን ኪሴ ከተትኩት።
ባጃጅ አጣሁ፤ ዳገቱን በእግሬ ነው የሄድኩት።
ኪራይ ቤቴ ከጃንተከል ወረድ ብሎ ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ አልጋ።
አከራዬ ዛሬም «ባለቤትሽስ?» አለችኝ። ገብቼ በሩን ልዘጋ

ስል መብራት መጣ።